ይዞራል እንጂ አይነሳም

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ «መኪና ያለው ሰው» የሚለውን ማዕረግ ካገኘሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ማዕረጉ ትልቅ ነው። መኪናው ግን ከኔ በፊት ስንት ባለቤት እንደቀበረ አንድዬ ይወቀው። የሾፌሩ በር ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም፤ ስለዚህ ለመውረድ በመስኮት እጄን አውጥቼ ራሴን እፈታለሁ። ሲዘንብ ያስነጥሰዋል፣ ሲሞቅ ያኮርፋል፤ እዚህ አገር ደግሞ ከሁለቱ ውጭ ሌላ ወራት የለም። የሸጠልኝ ሰው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ሞተሩ አንበሳ ነው» ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። አንበሳም አብዛኛውን ቀን ተኝቶ ነው የሚውለው።

ሥራዬንም ልናገርና ይውጣልኝ፤ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ነዳጅ እንዴት ገብቶ፣ እንዴት ታምቆ፣ በእሳት ብልጭታ እንዴት እንደሚፈነዳ በሦስት ቀለም ጠመኔ ስዬ አስተምራለሁ። ጎበዞቹ ፈተና ላይ ይደፍኑታል። እኔ የራሴ መኪና ቆሞብኝ ኮፈኑን ስከፍት ግን የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ሽቦ፣ ቱቦ፣ አቧራ፣ እና አንድ ስሙን የማላውቀው የሚንጠለጠል ነገር። ቢሆንም እከፍታለሁ። መኪና ቆሞበት ኮፈን ያልከፈተ ወንድ ምን ይባላል?

እናቴ የምትኖረው አቦቦ አጠገብ ካሉት የሰፋሪ መንደሮች ባንዱ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነን ስንመጣ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እዚያው በቆሎው መሀል ኖሮ እዚያው አረፈ። «ከተማ እኔ ዘንድ ነይ» ባልኳት ቁጥር «ማሳውን ለዝንጀሮ ልተውለት?» ትለኛለች። ከዝንጀሮ ጋር ተወዳድሬ መሸነፍ ስለማልወድ ነገሩን እተወዋለሁ።

ዓይኗ ላይ ሞራ ከወጣ ቆይቷል። «አንዱ ነው እንጂ ሌላው ጭልፊት ነው» ትላለች። እኛ ልጆቿም አመንን። ማመኑ ይቀላል፤ ያላመነ ሰው እኮ ተነስቶ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። ወጥ ላይ ሁለቴ ጨው ስትጨምር «አረጀች» አልን። ሰላም ያላትን ሰው በሌላ ሰው ስም ስትጠራም «አረጀች» አልን፤ ሄደን ሥራችንን ሠራን።

ታዲያ በዚያ ሳምንት የዓይን ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው በከተማው ሆስፒታል ሞራ በነፃ ይገፍፉ ነበር። ገና ሰኞ ዕለት ተሰልፌ ስሟን አስመዘገብኩ። መዝጋቢው ቁርጡን ነገረኝ። ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ካልቀረበች ስሟ ይሰረዛል፤ ቅዳሜ የታካሚዎቹን ፋሻ ፈትተው ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ ደግሞ እሱም አያውቅም። «መኪና አለኝ» አልኩት። እንዴት አድርጌ እንዳልኩት ባያችሁ! ሌላው ሰው እናት አባቱን በምን እንደሚያመጣ ሲጨነቅ እኔ ቁልፌን ጣቴ ላይ አሽከረክር ነበር።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሄድኩ፤ መኪናው እንደ ጨዋ ልጅ አደረሰኝ። ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከመንገድ ዳር የገዛሁትን አንድ ጀሪካን ቤንዚን ልሞላ ወጣሁ። ማደያ ተሰልፎ መጠበቅ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሁላችንም የመንገድ ዳሮቹ ደንበኞች ነን። ቂጡ የተቆረጠ የውሃ ሃይላንድ የነዳጁ ጋን አፍ ላይ ሰክቼ ገለበጥኩ። ጀሪካኑን ጨርሼ ክዳኑን ልገጥም ስል ጎረቤት «መምህር፣ ቁርስ ቀረበ!» ብሎ ጠራኝ። ሃይላንዱን እንደተሰካ ትቼ ሄድኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን የማስተምረው ፊዚክስ ነው እንጂ ተረት አይደለም።

በልቼ ስመለስ ክዳኑን ገጠምኩ። እናቴ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ፣ ትንሽ ጥቅሏን አቅፋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ወዲያው ሚኒባስ ጡሩንባውን እየነፋ መጣና አጠገባችን ቆመ። ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ጋምቤላ! ሁለት ሰው ብቻ! ይግቡ እናት!» አላት።

«ልጄ መኪና አለው» አለችው፣ ቀና ብላ።

እኔም በእጄ «ሂድ፣ ሂድ» አልኩት። ሄደ። ያን ቀን ጠዋት በዚያ መንገድ ያለፈው የመጨረሻ የሕዝብ መኪና እሱ ነበር።

ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳ። እናቴ «ተመስገን» ብላ ሳትጨርስ ሁለቴ ሳለ፣ አንዴ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። እንደገና ሞከርኩ። ይዞራል እንጂ አይነሳም። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፤ ስብሰባ ላይ ዕድል ተሰጥቶት መጨረስ እንዳቃተው ሰው።

መኪና ሲቆም ሰው ከየት እንደሚበቅል እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ የደረሱት በደርግ ጊዜ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዱ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። ትራክተሩ ከሞተ ዘመን የለውም፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ከሥልጣን አልወረዱም። ሲጋራቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አሉና «ባትሪ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ደህና ነው። ሲዞር ይሰማዎት የለ?»

«መዞርማ ትዞራለች። ባትሪ ነው።»

መብራት አበራሁላቸው፤ ቦግ አለ። ጡሩንባ ነፋሁላቸው፤ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ በረገገ። «እሱ የላይ የላዩ ነው» አሉኝ። በፊዚክስ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ምዕራፍ አላጋጠመኝም፤ ቢሆንም ታላቅ ሰው ናቸውና የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውሃ አጠብን፣ በአሸዋ ፈተግን፣ አጠበቅን። ይዞራል እንጂ አይነሳም።

«እንግዲያውስ ግፉ!» አሉ ጋሼ።

አሥራ ምናምን ሰው ከኋላ ተሰለፈ። እናቴ «ልውረድ» ስትል ሁሉም ባንድ ድምፅ «ኧረ በፍጹም! ይቀመጡ እማማ!» አለ። እንደ ተቀመጠች እየተገፋች ሄደች፤ ግራና ቀኝ ጎንበስ እያለች «እንደምን አደራችሁ» ትላለች። ጋሼ ከጎን እየሮጡ «ሁለተኛ ማርሽ! ልቀቅ! ልቀቃት እንጂ!» ይሉኛል። እለቃለሁ፤ መኪናው ይንገጫገጫል፤ እናቴ እልል ትላለች፤ መኪናው ይቆማል። ይህን ሁሉ ያደረግነው ደግሞ ቁልቁለቱን ነው። መንደራችን ያላት ቁልቁለት አንድ ነው፤ እሱን ጨርሰን ዋናው መንገድ ዳር ስንቆም ከሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። ሙቀቱም ሥራውን ጀምሯል።

«ምናባክ ሆነህ ነው!» ብዬ ጎማውን በእርግጫ አልኩት። ጎማው ምንም አልሆነም። የእግሬ አውራ ጣት ግን እስከ ዛሬ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል።

እዚያው መንገድ ዳር፣ አጥር ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር፣ ሞተር ሳይክል የሚጠግን አኝዋክ ጎልማሳ አለ። ከመጀመሪያው ያልጠራነው ጋሼ «እሱ የሞተር ሳይክል ነው፣ ስለ መኪና ምን ያውቃል» ስላሉ ነው። እኔ ደግሞ የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ሰውየው ከብዙ ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር፤ ፊዚክስ ጥዬዋለሁ። አሁን ግን ምርጫ አልነበረኝም፤ ጠራሁት።

እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ኮፈኑን እንኳ አላየም።

«ቲቸር፣ ትናንት ሠራ?»

«ሠራ።»

«ዛሬ ምን አደረግክ?»

«ምንም። ነዳጅ ሞላሁ።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ ቆመ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። እኔም ክፍል ውስጥ መልስ የጠፋበትን ተማሪ የማየው እንዲሁ ነው። ከዚያ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የነዳጅ ቱቦ ነቀለና ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ከተተው። «አዙር» አለኝ። አዞርኩ። ሃይላንዱ እስከ ግማሽ ሞላ። መሬት ላይ አስቀመጠውና «ጠብቁ» አለ። አሥራ ምናምናችን ሃይላንድ ከበን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ የተቀዳው ነገር ለሁለት ተከፈለ፤ ላዩ ቢጫ፣ ታቹ ኩልል ያለ።

«ውሃ አለ፣ ቲቸር» አለ። «ውሃ ይከብዳል፣ ታች ይሄዳል። ሞተር የሚጠጣው ከታች ነው።»

ይህን ለዓመታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰውየውን የጣልኩትም በዚሁ ምዕራፍ ይመስለኛል።

ደሜ ፈላ። «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ። «ቤንዚን ብላ ውሃ ሸጠችልኝ! ያቺ መንገድ ዳር የምትቀመጥ ሴትዮ! ቆይ፣ ጀሪካኗን አናቷ ላይ ካልደፋሁት እኔ ሰው አይደለሁም!»

«እኔ ድሮም ውሃ ነው ብያለሁ» አሉ ጋሼ።

ከፊት ወንበር ቀሰስ ያለ ድምፅ መጣ። «ሴትየዋን አትራገማት» አለች እናቴ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«ጠበል ነው። ለመንገዱ ብዬ። አንተ ሁሌ ‹የመኪናው ሕመም ከውስጥ ነው› ትላለህ። ከላይ ከላይ ብረጨው ምን ሊረባው ብዬ... አጠጣሁት።»

ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ሲጋራቸውንም ጣሉና ረገጡት። ቤንዚን የሞላ ሃይላንድ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ስለነበር ያን ቀን የሠሩት ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው።

እኔ ግን አልበረድኩም። «እማ! መኪና ውሃ የሚጠጣው እኮ ከፊት ነው፣ ኮፈኑ ሥር! አንቺ ያጠጣሽው ከኋላ፣ ነዳጁ ጋን ውስጥ ነው!»

«ሃይላንድ የተሰካበት አፍ አገኘሁ። የውሃው መሰለኝ።»

«ቤንዚኑስ አይሸትሽም?»

«መኪናህ መቼ ቤንዚን የማይሸትበት ቦታ አለው?»

«ፊትና ኋላውን መለየት ያቅታል ታዲያ? ትልቅ ሴትዮ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ፊቱ በየት በኩል እንደሆነ በምን አውቄ፣ ልጄ? እየዳበስኩ ነው የመጣሁት» አለች።

«ያ ጭልፊቱ ዓይንሽስ?»

«እሱማ ከሄደ ስድስት ፋሲካ አለፈው። እንዳትጨነቁ ብዬ ነው።»

አፈርኩ። ያፈርኩት በጩኸቴ ብቻ አይደለም። ስትገፋ ግራና ቀኝ ሰላም ስትል የነበረው ለድምፅ ነው። ለሚኒባሱ ልጅ «ልጄ መኪና አለው» ስትለው አንዴም አይታው በማታውቀው መኪና ነው የኮራችው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዓል በመጣ ቁጥር ፊቷ ተቀምጬ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ስቄያለሁ፤ ልብ አላልኩም። ሰዓቴን አየሁ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነው። ስድስት ሰዓት ካለፈ እናቴ ሁለት ዓይኗ እንደጨለመ ትቀራለች፤ እዚህ ያቆምኳት ደግሞ እኔ ነኝ።

«ሃያ ደቂቃ ስጠኝ፣ ቲቸር» አለ መካኒኩ። «እምቢ ካለ ማማን በሞተር ሳይክል እወስዳታለሁ።» መፍቻውን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ፤ ከጋኑ በታች ያለችውን ብሎን ፈትቶ ውሃውን ሊያፈስ።

«ቆይ!» አሉ ጋሼ። «ጠበል መሬት ላይ ሊፈስ ነው?»

ይሄ እኮ አልታየንም ነበር! ጠበል ሰው በሚረግጠው መሬት አይደፋም። ሳፋ መጣ። ሳፋው ሲመጣ ደግሞ «የት ይደፋ?» የሚል ሸንጎ ተቀመጠ። አንዱ «ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ዛፍ ሥር» አለ። «ቤንዚን አለበት፣ ዛፉ ይደርቃል!» አለች አንዷ። «ጠበል አለበት፣ ምን ቆርጦት ይደርቃል!» ተባለች። ጋሼ ነገሩን አሰላሰሉና «ቄሱ ይጠሩ» ሲሉ ፈነዳሁ።

«በሕግ አምላክ! ቄሱ ቤንዚን እስኪመረምሩ እናቴ ዕውር ሆና ትቅር?»

መካኒኩ ከመኪናው ሥር እንደተጋደመ ተናገረ። እሱ ጴንጤ ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ያዘምራል፤ ጠበል የሚባል ነገር አይነካካም። «ሳፋውን እኔ ግቢ አስቀምጡ» አለ። «አጥር አለ። ሰው አይረግጥም። እኔ እጠብቃለሁ።» ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው አልተገኘም።

ብሎኗን ሲፈታት መጀመሪያ ኩልል ያለው ወረደ፣ ከዚያ ቢጫው ተከተለ፤ ቶሎ ዘጋት። ቱቦውን በአፉ ነፋ፣ ተፋ፣ ደግሞ ነፋ። የእሳት ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትቶ በጨርቅ አደረቀ። አንድም ቃል አላባከነም፤ ምክሩን ሁሉ እኛ ጨርሰነው ነበር።

«አዙር።»

ይዞራል። ይዞራል። አስነጠሰው፤ ነጭ ጭስ ለቀቀ፤ አንድ ሁለቴ ተንገዳገደና ተነሳ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ጋሼ «ባትሪዋ ያዘች» አሉ።

«ቲቸር፣ እስክትደርስ እንዳታጠፋው» አለኝ መካኒኩ።

«የፊዚክስ ውጤትህን አስተካክልልሃለሁ» አልኩት።

«አይ፣ ይቅር» አለና ሳቀ። «አሁን ሥራ አለኝ።»

መንገዱን እንዴት እንደበረርኩት አልናገርም፤ ትራፊክ ያነበው ይሆናል። መሀል ላይ ዝንጀሮዎች አስፋልቱን ዘግተው ቅማል ይለቃቀማሉ፤ ጡሩንባዬን ሰምተው ቀስ ብለው፣ እየገላመጡኝ ተነሱ። እናቴ «ተቆጥተሃል?» አለችኝ።

«አልተቆጣሁም።»

«ተቆጥተሃል። ስትቆጣ ማርሹን ታንገጫግጨዋለህ።»

ሆስፒታሉ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። መኪናውን ሳላጠፋ፣ በሩ ላይ እንደሚጮህ ትቼው እጇን ይዤ ገባሁ። መዝጋቢው ወረቀቱን እየሰበሰበ «ተሰርዛለች» አለኝ። እኔ ከሱ ጋር ስሟገት እጇን ለቅቄያት ኖሮ፣ ራሷ ሄዳ አማልዳን ልትመጣ ፈለገች። ጥግ የቆመ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ። ፊቱ ቆመች፣ ጎንበስ አለችና «እንደምን ዋሉ ጌታዬ? ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ ምንም አላጠፋም» አለችው።

መዝጋቢው አያት። እኔንም አየኝ። ወረቀቱን መልሶ ዘረጋ። «አንድ ሰው ፈርቶ ቀርቷል» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሱ ቦታ ትግባ።»

ቅዳሜ ጠዋት ታካሚዎቹ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ በተርታ ተቀምጠዋል። የእናቴ አንድ ዓይኗ ተሠርቷል። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታላት ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበር። በዓይኗ እንድትለየኝ ብዬ አፌን ዘግቻለሁ። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች፤ እንባዋ ወረደ። የነርሷን ነጭ ልብስ አየች። የገዛ እጇን ገልብጣ አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገውም ከመቀመጫዋ ብድግ ለማለት ሞከረች።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ?» አለችኝ። «እባክዎ ልጄን ይጥሩልኝ። መምህር ነው። ቀጭን፣ ጎፈሬ ያለው፣ ጠጉሩ ጥቁር የሆነ ልጅ ነው። መኪናው ጋ ቆሞ ይሆናል።»

እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ድምፄን ስትሰማ ክው አለች። ሁለት እጆቿን ሰደደች፤ መላጣዬን፣ የሸበተ ጢሜን፣ ከዓይኔ ሥር የተጨማደደውን ሁሉ በጣቷ ዳበሰች።

«ውይ ልጄ! ምን ሆነህ ነው? ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

እያለቀስኩ ነበር።

«መኪናው ነው፣ እማ» አልኳት።